አፏን የከፈተች ተጫዋች ጎጆ ይዘልቅላታል?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የመረጥነው ከባኮ የተላከውን ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም። እኛም ብንሆን በዚህ ዓምድ የጠያቂ ስም አውጥተን አናውቅም። የልጅቷን፣ የቡድኑን፣ የትምህርት ቤቱንና ውድድሩ የተካሄደበትን ከተማ ስም ትተነዋል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ጥቂት አሳጥረነዋል እንጂ ቃሉን አልነካንም። ሲጀምር የፍቅር ይመስላል፣ መሃል ላይ የኳስ ይሆናል። ስትጨርሱ የምን እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጭንቀቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ባኮ ነው። ሞባይል የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ከእናቴም ጋር ነው የምኖረው።

ከአንዲት የ23 ዓመት ልጅ ጋር ፍቅር ከጀመርን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ያየኋት ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። ቀለበቱ መረቡን ከጣለ ቆይቷል፣ ብረቱ ብቻ ነው የቀረው። ታናሽ ወንድሜን ልጠራ ገብቼ ጨዋታው ያዘኝ። አንዲት ልጅ ተገፍታ ስትወድቅ ዳኛው ዝም አለ። ይህቺ የኔዋ ልጅ ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጣ ዳኛው ፊት ሄደች። ‹እሷ ብትሰበር ማን ያስታምማታል?› ስትለው ሰማሁ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ የወደድኳት ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ዓመት የወንዶቹም የሴቶቹም ቡድን ለውድድር ሌላ ከተማ ሄዱ። ወንዶቹ አልጋ ተያዘላቸው። ሴቶቹ ግን መማሪያ ክፍል ውስጥ ዴስክ ገፍተው፣ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። የወንዶቹ ውሎ አበል በሰዓቱ ተከፈለ፣ የሴቶቹ ‹ይደርሳል› ተባለ። ማሊያቸው አምና ወንዶቹ የለበሱት ስለሆነ ትከሻቸው ላይ አይቆምም። እንደዚያም ሆነው ዋንጫ ይዘው መጡ። ወንዶቹ ሁለት ጨዋታ ተሸንፈው ነው የተመለሱት።

ስንቀበላቸው ሞንታርቦ ተተክሎ፣ ሰው ግጥም ብሎ ነበር። አምበሏ እሷ ስለሆነች ማይክ ተሰጣት። አመስግና ትመልሳለች ብለን ስንጠብቅ፣ አመሰገነችና ቀጠለች። ‹ይህን ዋንጫ ያመጣነው መሬት ተኝተን ነው። አበላችን እስከ ዛሬ አልተከፈለም። የሚመጣው ዓመትም እንዲህ ከሆነ አንሄድም› አለች። ንግግሯን ሳትጨርስ ማይኩን ተቀበሏት።

መጀመሪያ ያጨበጨቡ ነበሩ። ማታውኑ ወሬው ተገለበጠ። ‹ዋንጫው ራሷ ላይ ወጣባት›፣ ‹ስለ አገር ክብር ሳይሆን ስለ ገንዘብ ታወራለች›፣ ‹ሴት ልጅ በአደባባይ እንዲህ ትላለች እንዴ?› ተባለ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። ከሥሩ የተጻፈውን እዚህ ልጽፈው አፍራለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ነበራቸው። ኳስ በነካች ቁጥር ከኋላዬ ያሉት ልጆች ‹አበል! አበል!› እያሉ ይጮሁ ጀመር። ሁለት ቅጣት ምት አከታትላ ሳተች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ትደውላለች፣ እንገናኛለን፣ ሻይ እንጠጣለን። ግን ድሮ የምትነግረኝን ነገር መንገር ትታለች።

ሽማግሌ ልልክ ያሰብኩት ለጥር ነበር። አሁን እናቴ ‹ልጄ፣ አደባባይ የለመደች ሴት ጎጆ አይዘልቅላትም። ዛሬ ሹም ፊት እንዲህ ያለች ነገ አንተን ምን ልትልህ ነው?› ትለኛለች። ጓደኞቼም ‹አበሉን ከፈልካት?› እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሳላስቀይማት፣ ቢያንስ ሠርጉ እስኪያልፍ፣ በአደባባይ ከመናገር እንድትቆጠብ እንዴት አድርጌ ልምከራት?

ግራ የገባኝ፣ ከባኮ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እሷ አፍ ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። ስለ አንተ ሳቅ የጻፍከው ሁለት ቃል ነው፤ «እኔም ሳቅሁ» ብለህ አልፈኸዋል። እኔ ግን እንቅልፍ የነሳህ ይኸኛው ይመስለኛል። ስለዚህ መልሴ ከጠየቅከኝ ቦታ አይጀምርም፣ አትቀየመኝ።

በመጀመሪያ እስቲ አንድ ነገር እንመርምር። ልጅቷ ማይክ ይዛ የተናገረችው ውሸት ነበረው? አንተው ራስህ እንደጻፍከው የለውም። ሰው ሰድባለች? አልሰደበችም። ሳታመሰግን ነው የጀመረችው? አመስግና ነው የጀመረችው። ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው? ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ሁሉም በሚሰማበት ቦታ መናገሯ ነው። አበሉ አለመከፈሉ ያላሳፈረው ሰው፣ አለመከፈሉ መነገሩ አሳፈረው። እንዲህ ዓይነቱ ሀፍረት መንገድ የሳተ ሀፍረት ነው።

ሁለተኛ፣ ይህች ልጅ ያን ቀን አልተለወጠችም። ዳኛው ፊት ሄዳ ስለ ጓደኛዋ የተሟገተችው እሷ ነች፣ አንተም የወደድካት በዚያው ምክንያት ነው። ያን ጊዜ የጮኸችው ስለ አንዲት ልጅ ሲሆን አሁን ስለ መላው ቡድን ሆነ። አፏ ያው ነው፣ የበዛው አድማጩ ነው። እናም አንተ ዛሬ «እንዴት ላስተዋት» የምትለኝ ትናንት ያፈቀርክበትን ነገር ነው።

አሁን ወደ ደጋፊው እንምጣ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። ደጋፊ ሲባል እኔም ነኝ፣ አንተም ነህ፣ ይህን የምታነቡት ሁሉ ናችሁ። እኛ ደጋፊዎች አንዲት ስፖርተኛ ስታሸንፍ «የኛ ልጅ» እንላታለን። ስትወድቅ እናዝንላታለን፣ ስታለቅስ አብረን እናለቅሳለን፣ ባንዲራ ለብሳ ስትዞር ፀጉራችን ይቆማል። አንድ ቀን ግን አፏን ከፍታ «ይህ ነገር ትክክል አይደለም» ስትል፣ የኛ ልጅ መሆኗ ይቀርና «እሷ ደግሞ ማናት?» ይመጣል። እግሯን እንጂ አፏን የኛ አላደረግነውም ማለት ነው።

እስቲ ደራርቱ ቱሉን አስቡ። ነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁላችንም ወደድናት፣ ማን ይጠላታል? ከዓመታት በኋላ፣ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም.፣ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን ስትመራ ግን ሥራዋ መሮጥ ሳይሆን መናገር ሆነ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰሞን ከኦሊምፒክ ኮሚቴው ጋር በአደባባይ ስትከራከር አገሩ ጎራ ለየ። መለየቱ ጥፋት አይደለም፣ ኃላፊነት የያዘ ሰው ይተቻል። እኔ የምለው፣ ደራርቱን በእግሯ መውደድ በአፏ ከመስማት ይልቅ እጅግ ቀላል ነበር ነው።

አልማዝ አያናንም አስቡ። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ጨርሳ፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ቆረሰችው። ጋዜጠኞች ግን ስለ አበረታች መድኃኒት ጠየቋት። አንገቷን ደፍታ አላለፈችውም፤ የኔ መድኃኒት ልምምዴና እምነቴ ነው፣ ከዚህ ሌላ የማፍርበት ነገር የለኝም የሚል መልስ ሰጠች። ያን ቀን እሷን «አፈኛ» ያላት ኢትዮጵያዊ እኔ አላጋጠመኝም። ለምን? የተናገረችው ወደ ውጭ ነዋ! ወደ ፈረንጅ ሲነገር ጀግንነት፣ ወደ ቤት ሲነገር ድፍረት እንላለን።

በዚያው ክረምት፣ በዚያችው ሪዮ፣ የእናንተው የምዕራብ ሸዋ የጄልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። ያኔ አደባባይ የወጣውን የኦሮሞን ሕዝብ ተቃውሞ በዓለም ፊት ደገመው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ያህል ከአገር ርቆ ቆይቶ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። በአንተ አካባቢ ያ ምልክት ምን ያህል እንደተወደደ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እስቲ አሁን እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ መልስልኝ፤ ወንዱ በዓለም አደባባይ ሲናገር ጀግና ከተባለ፣ ሴቷ በሰፈሯ ሞንታርቦ ስለ ፍራሽ ስትናገር ባለጌ የምትባለው በየትኛው ሕግ ነው? የእሷ ጥያቄ ትንሽ ስለሆነ ነው? ትንሽ ከሆነማ መመለሱ ይቀል ነበር።

«ስለ ገንዘብ ታወራለች» ላሉት ደግሞ አንድ ሩቅ አገር ልውሰዳቸው። የአሜሪካ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ደብልዩ.ኤን.ቢ.ኤ. የሚባለው፣ ውድድሩን የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ያሉት ተጫዋቾች አፋቸውን በመክፈት የታወቁ ናቸው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ፖሊስ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያንን በገደለበት ሰሞን የሚኒሶታ ሊንክስ ልጆች መልእክት የተጻፈበት ቲሸርት ለብሰው ለማሟሟቅ ወጡ። ለጥበቃ የቆሙ አራት ፖሊሶች ሥራቸውን ጥለው ሄዱ። ሌሎች ሦስት ቡድኖችም ጥቁር ቲሸርት ለበሱ። ሊጉ እያንዳንዷን ተጫዋች 500 ዶላር፣ ቡድኖቹን 5 ሺህ ዶላር ቀጣ። ልጆቹ ምን አደረጉ? ጋዜጠኛ ስለ ጨዋታው ሲጠይቃቸው «ስለ ኳስ አናወራም» አሉ። ሊጉ ቅጣቱን አነሳ።

በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአትላንታ ቡድን ተጫዋቾች ከቡድኑ ባለቤቶች አንዷ ከሆነች ሴናተር ጋር ተጣሉ። ሴትየዋ ሊጉ የጥቁሮችን መብት ጉዳይ ማንሳቱን ተቃውማ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ተጫዋቾቹ በምርጫው የተፎካካሪዋን ስም ደረታቸው ላይ ጽፈው ብቅ አሉ። ተፎካካሪዋ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. አሸነፈ፣ በሚቀጥለው ወር ቡድኑ ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ለፍትሕ ጉዳይ ልሥራ ብላ የ2020ን ውድድር ትታ የነበረችው የዚያው ቡድን ተጫዋች ረኔ ሞንትጎሜሪ! «ኳስሽን ተጫወቺ» የሚባሉት ልጆች ጓደኛ የቡድን ባለቤት ሆና አረፈችው።

ስለ ገንዘቡ ልመለስ። በ2024 እ.ኤ.አ. በሴቶቹ ሊግ አንደኛ ሆና የተመረጠችው ኬትሊን ክላርክ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ነበር። በወንዶቹ ሊግ በዚያው ዓመት አንደኛ የተመረጠው ልጅ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። እርግጥ የወንዶቹ ሊግ የሚያስገባው ገንዘብ ብዙ እጥፍ ነው፣ ይህን ተጫዋቾቹም አይክዱም። ጥያቄያቸው «እኛ ከምናስገባው ላይ የሚገባንን ድርሻ ስጡን» ነበር። ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢንዲያናፖሊስ ላይ በከዋክብቱ ጨዋታ «ያለባችሁን ክፈሉን» የሚል ቲሸርት ለብሰው ወጡ። የጨዋታው ኮከብ ናፊሳ ኮሊየር ዋንጫዋን ከሊጉ ኃላፊ እጅ ስትቀበል ደጋፊው ምን እያለ ይጮህ ነበር መሰለህ? «ክፈሏቸው! ክፈሏቸው!»

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ኢንዲያናፖሊስ ላይ «ክፈሏቸው» ተባለ፣ ባኮ ላይ «አበል! አበል!» ተባለ። ቃሉ ብዙም አይራራቅም። አንዱ የጮኸው ከጎኗ ቆሞ ነው፣ ሌላው የጮኸው ቅጣት ምት እንድትስት ነው። እንዲያውም የናንተ ልጆች ጩኸቱን አውቀውታል፣ የሚጮሁበትን ሰው ነው የተሳሳቱት። ፊታቸውን ወደ ሜዳው ሳይሆን አበሉን ወደያዘው ሰው አዙረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልጆቹ አበላቸውን በልተውት ነበር።

ግን እውነቱን እንነጋገር፣ አሜሪካም ቢሆን ሁሉም ደጋፊ አላጨበጨበም። ቲኬት የመለሰ፣ «ፖለቲካ ሰለቸን» ያለ፣ በየስልኩ የስድብ መዓት ያወረደ አለ። ኮሊየር ራሷ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የሊጉን አመራር በጽሑፍ ይዛ ቀርባ በግልጽ ስትተች «አበዛችው» ያሉ ነበሩ፣ «ልካቸውን ነገረቻቸው» ያሉም ነበሩ። ደጋፊ የመቃወም መብት አለው። «እኔ በዚህ አልስማማም» ማለት አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ማሸማቀቅ ሌላ ነገር ነው። ኳሷን ስትወረውር ጠብቀህ መሳቅ ተቃውሞ አይባልም።

አሁን ወደ እናትህ። እናትህን አልወቅስም። እሷ ያሳሰባት ቅርጫት ኳስ አይደለም። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ከተማ የልጇ ስም የሰው አፍ ላይ እንዳይወድቅ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ባደገ ጆሮ ላይ ይህ ስጋት ቢያድር አይገርምም። ነገር ግን እናትህ የምታውቀውን ሌላ ነገር አስታውሳት። በኦሮሞ ወግ አንዲት ልጅ ስታገባ እናቷ ሲንቄ የምትባለውን ቀጭን በትር ትሰጣታለች። በአርሲ ዛሬም ጎልቶ ይታያል። ሴቲቱ መብቷ ሲነካ ያችን በትር ይዛ እየጮኸች ትወጣለች። ጩኸቱን የሰሙት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል። ጉዳያቸው ታይቶ፣ በዳይ ክሶ ካልሆነ በቀር ወደ ቤት አይመለሱም። ልብ በል፣ ይህ በትር የሚሰጠው በሠርግ ቀን ነው። «ካገባሽ በኋላ ዝም በይ» ሳይሆን «ካገባሽ በኋላ ድምፅ አለሽ» ማለት ነው። አደባባይ መናገርና ጎጆ አይጣሉም ያለው ፈረንጅ ሳይሆን የእናትህ እናት ወግ ነው።

«አፍ ያላት ባል አታገኝም» ለሚሉ ጓደኞችህም የምነግርልህ አለኝ። ማያ ሙር የምትባል የሚኒሶታ ተጫዋች ነበረች። ከቡድኗ ጋር አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆናለች። ገና በጉብዝናዋ ሳለች፣ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ ያለ ጥፋቱ ታስሯል ብላ ለምታምንለት ሰው ልከራከርለት ብላ ኳሱን ተወችው። ጆናታን አይረንስ ይባላል። ከ20 ዓመት በላይ ታስሮ ነበር። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ወጣ። ተጋቡም! አፏን የከፈተች ሴት ለሌላው ሰው የእስር ቤት በር አስከፍታ የራሷንም ጎጆ ቀለሰች።

ከኛም አገር ሊዲያ ታፈሰ አለች፣ ጅማ ያፈራቻት። በልጅነቷ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች፣ ትምህርቷ ፋርማሲ ነው። በኋላ ፉጨት ይዛ ወደ እግር ኳስ ሜዳ ገባችና ዓለም አቀፍ ዳኛ ሆነች፣ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመረጠች። ዳኝነት ማለት በሺህ ሰው ፊት «አይደለም» ማለት ነው። ይህን ማለት የምትፈራ ሴት ዳኛ አትሆንም። እኛም በሷ ኮርተናል፣ ተገቢም ነው።

«ዝም አይነቅዝም» የሚሉህ ይኖራሉ። የባኮ ልጅ ሆነህ ይህን ተረት ሰምተህ ዝም አትበል! ከእናንተ ከተማ የወጣው የበቆሎ ዘር አገር ዞሯል። ገበሬው ቢ.ኤች. የሚለው ባኮ ሃይብሪድ ማለት መሆኑን አንተ አታጣውም። ታዲያ በቆሎ የሚነቅዘው መቼ ነው? ጎተራ ውስጥ ማንም ሳያገላብጠው ዝም ብሎ ሲከርም አይደለም? እናንተም መካከል ያለው ዝምታ ከዚያ ከጨዋታው ቀን ጀምሮ እየነቀዘ ነው። «ድሮ የምትነግረኝን መንገር ትታለች» ብለሃል። ወንድሜ፣ «ዝም አሰኛት» ብለህ ትጠይቀኛለህ እንጂ አንተ ዘንድ እሷ ዝም ካለች ሰነበተች። እንዳየኸው ደግሞ አልጣመህም።

እንግዲህ ምን ታድርግ? ምክሬ ይህ ነው።

1ኛ፣ ስለ ሳቅህ ይቅርታ ጠይቃት። ዛሬ ነገ አትበል። ሻይ ቤት ውስጥ ሳይሆን ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገራት። «ሰው ሲስቅ ሳቅሁ፣ አፈርኩ፣ ይቅር በይኝ» በል። ከዚህ በኋላ «ግን» የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። «ግን አንቺም እኮ…» ካልክ ይቅርታው አለቀለት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እነዚያ ልጆች አንተ ስትስቅ አይተው ከሆነ አጥሩ ክፍት መሆኑን ያወቁት ካንተ ነው።

2ኛ፣ «ሠርጉ እስኪያልፍ» የምትለውን ሐሳብ ከራስህ አውጣ። ሠርግ እስኪያልፍ ዝም ያለች ሴት ከሠርግ በኋላ ብትናገር «ተታለልኩ» ትላለህ፣ ባትናገር ደግሞ ያፈቀርካት ልጅ አይደለችም። ሁለቱም ላንተ ኪሳራ ነው።

3ኛ፣ እናትህን አንተው አነጋግራት፤ ልጅቷን አትላክባት። «እማዬ፣ መሬት ተኝተው ዋንጫ ያመጡ ልጆች ናቸው፣ የጠየቀችውም ለአሥር ሰው ነው» በላት። እናትህ ፍራሹን አላየችም፣ ያየችው ቪዲዮውን ነው። ከተቻለ አንድ ቀን ልጅቷን ቤት ጋብዛት፣ ቡና ይፈላ፣ ይነጋገሩ። ሰው ከሰው ጋር ቡና ሲጠጣ የቲክቶኩ ወሬ ይረሳል።

4ኛ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ ላይ የምትቀመጥበትን ቦታ ለውጥ። ፊት ለፊት ሁን። «አበል» ብለው ሲጀምሩ አትሳደብ፣ አትደባደብም፤ ዞር ብለህ «የተኙት እኮ መሬት ላይ ነው» በላቸው። አንድ ሰው ሲናገር ሁለት ሰው ዝም ይላል። ጓደኞችህም «አበሉን ከፈልካት?» ሲሉህ «እኔ ሳልሆን የወሰደው ይክፈል» ብለህ መልስ። አራዳ ማለት ሰው ሲስቅ የሚስቅ አይደለም፣ ያማ ፋራ ነው።

5ኛ፣ ልትረዳት ከፈለግህ አፏን ከመያዝ ይልቅ እጇን ያዝ። የጠየቀችው ነገር ወረቀት ላይ ይስፈር፤ ስንት ተጫዋች፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ የት አደሩ። ሁሉም ይፈርሙ፣ ግልባጭ ይቀመጥ፣ የተቀበለው ሰው «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። በማይክ የተነገረ በማግስቱ ይካዳል፣ በወረቀት ያለ ግን ያስቸግራል። አሜሪካኖቹም ቲሸርቱን ለብሰው አልተቀመጡም፣ የተጫዋቾች ማኅበራቸው ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ይዞ ይከራከር ነበር።

6ኛ፣ ይህን ሁሉ አስበህ «አይ፣ እኔ ዝምተኛ ሚስት ነው የምፈልገው» ካልክ መብትህ ነው፣ ማንም አያስገድድህም። ግን ከጥር በፊት ፊት ለፊት ንገራት። አግብተህ ልታርማት አታስብ። ሰው አይጠገንም፤ ይህ የሞባይል ሥራ አይደለም።

ለልጅቷም፣ ምናልባት ካነበብሽው፣ ሁለት ቃል አለኝ እህቴ። የተናገርሽው ትክክል ነው። ሁሉም የተናገርሽለት ሰው ካንተ ጋር ነኝ ብሎ እንደማይቆም ግን አሁን አይተሻል፣ ይህ ያማል። ሁልጊዜ አንቺ ብቻ አትናገሪ። በሚቀጥለው ጊዜ ማይኩን ለሌላዋ አቀብያት፣ ከዚያ ደግሞ ለሌላዋ። አንዲት ስትናገር «እሷ» ይላሉ፣ አሥር ሲናገሩ «ቡድኑ» ይላሉ። ቅጣት ምቱንም ደጋግመሽ ተለማመጂ። ለነገረኛ እንደሚገባ ኳስ ያለ መልስ የለም።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ? ከመካከላችሁ ሜዳ ላይ የሳቀ፣ የተሳቀባት፣ ወይም በጊዜው ዝም ብሎ በኋላ የቆጨው ካለ ይጻፍልን። ጠያቂያችንም ከጥር በኋላ እንዴት እንደሆንክ አሳውቀን። ይቅርታ መጠየቅህን ሳትነግረን ግን የሠርግ ጥሪ ብትልክልን አንመጣም።

ለሳምንት ሰው ይበለን።